ትዕግሥት በስንት ዐይነት ይጻፋል?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለክፍላችን የተሰጠን የንግግር ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነው። ስለ ትልቅ ነገር ለመናገር አይበቃምና ስለ አንድ ስም አጻጻፍ ልንነግራችሁ ቈርጠን መጥተናል።

በክፍላችን ትዕግሥት የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶች አሉ። ለፈተና ስንመዘገብ ስማቸው በሦስት ዐይነት ተጽፎ ተገኘ፤ የአንደኛዋ ትዕግሥት፥ የሁለተኛዋ ትእግስት፥ የሦስተኛዋ ትግስት። ሲጠሩ ሦስቱም «አቤት» ይላሉ። የሦስተኛዋ የልደት ወረቀት ግን ትግስት ሲል፥ የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ ትዕግስት ይላል። በዚህች በአንዲት ዕ ምክንያት ከጫኖ አርባ ምንጭ አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ የሁለቱ ወረቀት ባለቤት አንድ ሰው መሆኗን አስመስክሪ ተብላ ነው። አባቷ ለመኪና የከፈሉት ገንዘብ ከሙዝ ማሳቸው የወጣ ነው።

ነገሩ የመጣው ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ብዙ መልክ ስላለው ነው። ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። በግእዝ እነዚህ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ዛሬም ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ከሀ፥ ዐን ከአ በጉሮሮው ይለያል። አማርኛ ድምፁን ጥሎ መልኩን ብቻ አስቀረ። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼ እንደሚባባሉ፥ እነዚህንም ሞክሼ ፊደላት እንላቸዋለን። እንግዲህ ትዕግሥት በዕ፥ በእ ወይም ያለ ሁለቱም፤ ደግሞም በሥ ወይም በስ ሲጻፍ ስድስት መልክ ይኖረዋል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብንሞክረው 24 ሆነብን፤ መምህራችን ጠመኔ አለቀ ብለው አስቆሙን።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ይህንኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እኛም የቃል ጽሕፈት ፈተና ስንቀመጥ ሐሳቡን በጣም እንወደዋለን! ስም ላይ ስንደርስ ግን ያስፈራናል። በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣ፥ በራ» ማለት ነው፤ በሌላው ሰ ሲጻፍ ያው አማርኛው ሰረቀ ነው። ስለዚህ ሠረቀ ብርሃን የተባለው ልጅ ፊደሉ ቢለወጥበት ብርሃን የወጣለት መሆኑ ቀርቶ ብርሃን ሰራቂ ይሆናል። አመተ ማርያምም በአ ሲጻፍ የማርያም አገልጋይ ማለት ሲሆን፥ በዓ ከተጻፈ የማርያም ዓመት ይሆናል። ትዕግሥት ደግሞ ተዐገሠ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ዕንና ሥን ይፈልጋል። ሐናና ዮሐንስ ሐን የያዙት ከዕብራይስጡ ስም ጀምሮ ነው።

በጋሞኛ ለሚወጡ ስሞች ሥራችን ይለያል። የግእዝ ሥር ስለሌላቸው የሚጠየቀው ድምፁ ነው። በጋሞኛ ከድ የተለየ ወደ ውስጥ የሚሳብ ድምፅ አለ፤ ዽ ተብሎ ሊጻፍ ሲችል ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ድ ብሎ ያልፈዋል። አያቶች ሲሰሙት ስሙ የሌላ ሰው ይመስላቸዋል።

በሉቃስ ወንጌል ዘካርያስ አንደበቱ ተይዞ ሳለ ሰሌዳ አስመጥቶ የልጁን ስም በገዛ እጁ ጻፈ። በእኛ መንደር ግን ስም የሚያወጡት ወላጆች፥ ፊደሉን የሚመርጠው ብዕር የያዘው ሰው ነው። አያት በስንት ምክር ያወጡትን ስም አንድ የቸኰለ ጸሐፊ በደቂቃ ይወስነዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ዛሬ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ኮምፒዩተር ደግሞ ሞክሼ አያውቅም፤ ለእርሱ ሀና ሐ እንደ በና ተ የተለያዩ ናቸው።

ታዲያ ሦስተኛዋ ትዕግሥት ስሟን ወደ ትክክለኛው ትመልስ? በዚህ ጉዳይ በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቻችን «ስሕተት ለምን ይወረሳል?» አሉ። በመጨረሻ ያመዘነው ሐሳብ ግን በልደት ወረቀቷ ላይ ያለው ይጽና፥ ሌላው ወረቀት ሁሉ እርሱን ይከተል የሚል ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስሟን ለሰዋስው ብላ ፈተና ልታጣ አይገባትም። ራሷም «እኔን ስትጠሩኝ ዕዋን አልሰማትም» ብላ አሳቀችን። አዲስ ለሚወለደው ግን ከመጀመሪያው እንደ ሥሩ ይጻፍለት እንላለን።

ስለዚህ ሕፃን ይዛችሁ ወደ ቀበሌ የምትሄዱ ወላጆች፥ ስሙን በወረቀት አስጽፋችሁ ሂዱ፤ መዝጋቢው ሲጨርስም አስነብባችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ከበዓሉ በኋላ በማንጎው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥተናል። ሁለት መዝገበ ቃላትና ጋሞኛ አጥርተው የሚናገሩ አራት ጓደኞቻችን እዚያ ይቀመጣሉ። ስሙንና ትርጕሙን ንገሩን፤ እኛ እንጽፍላችኋለን። ዋጋው ነጻ ነው፤ ቡና ግን እናፈላለን።