በሁለት የእኩል ከፍታ መስመሮች መካከል

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መንገድ መቀየስ፣ መጥረግና መጠገን ከዚህ ማኅበር አባላት ብዙዎቹ እንጀራ የሚበሉበት ሙያ ነው። ዛሬ የሚነገርለት ግን ሆን ተብሎ መንገድ እንዳይወጣለት የተፈለገ መስመር ነው። ቀያሽ አለው፤ ጠራጊ የለውም። ስም አለው፤ ምልክት የለውም። በዚህ መስመር የተጓዙ ሰዎች ከጉዞ ተመልሰው በሚገናኙበት ጊዜ የሚያወጉት ትዝታና የሚያሳዩት ፎቶግራፍ ለመዝናኛ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል። ነገር ግን መንገድ በሌለበት አገር ከዚህ ወግና ከዚህ ሥዕል በቀር ሌላ የመንገድ ሰነድ የለም፤ ስለዚህም ምን ዓይነት ሰነድ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ወገን፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 640 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ፣ ሴራ ኔቫዳ የሚባል ተራራ አለ። አብዛኛው ግራናይት ነው። በዚህ ተራራ ላይ ሥራው በ1915 ተጀምሮ በ1938 የተፈጸመ፣ ርዝመቱ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጆን ሙይር ትሬል የተባለ የእግር መንገድ ይገኛል። ዐለቱ በፈንጂ እየተፈነቀለ፣ ድንጋዩ እየተካበ የተሠራ በመሆኑ መሐንዲስ ቢያየው የሚያደንቀው ሥራ ነው። ከዚህ መንገድ ጋር ጎን ለጎን፣ በብዙ ቦታ ግን ከእርሱ ከፍ ብሎ፣ ሴራ ሃይ ራውት የሚሉት መስመር ይሄዳል። መስመሩን ለይቶ በ1982 በመጽሐፍ ያወጣው ስቲቭ ሮፐር የተባለ ተራራ ወጪ ነው። ከኪንግስ ካንየን ተነሥቶ በሰሜን ብሪጅፖርት ከተባለችው ከተማ አጠገብ እስከሚገኙት መንታ ሐይቆች ድረስ 195 ማይል፣ ማለትም 314 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ጥርጊያ የሌለበት ነው። ተጓዡ አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ መብቀል በሚያቆምበት ከፍታ፣ ከ9,000 እስከ 11,500 ጫማ ባለው መካከል ይሄድና፣ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ለመሻገር ከ12,000 ጫማ ወይም ከ3,650 ሜትር በላይ ወደ ሆኑ ጠባብ መተላለፊያዎች ይወጣል። አማርኛ እንዲህ ላለው ቦታ ስም አላጣም፤ ጣርማ በር እንደሚባለው ሁሉ «በር» ይለዋል።

ሮፐር መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ ተጓዥ በእጁ የሚይዘው ካርታ መጠኑ 1 ለ62,500 የሆነው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ካርታ ነበር። በዚህ ካርታ ላይ ኮንቱር የሚባሉት የእኩል ከፍታ መስመሮች በየ80 ጫማው፣ ማለትም በየ24 ሜትሩ የተሰመሩ ናቸው። ኋላ የወጣው 1 ለ24,000 የሆነው ካርታ ደግሞ በየ40 ጫማው፣ በየ12 ሜትሩ አሰመረ። ግድብ ወይም አውራ ጎዳና ለሚያጠና ሰው ይህ እጅግ ደኅና ካርታ ነው። ጓዙን በጀርባው አዝሎ በእጅና በእግሩ ለሚወርድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ምድር ካርታው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቁልቁለቱ እኩል ሆኖ ሊወርድ ይችላል፤ ወይም ገሚሱ ሜዳ፣ ገሚሱ ደግሞ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ገደል ሊሆን ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። በፊተኛው ካርታማ የሚደበቀው ገደል ስድስት ፎቅ ነበር! ካርታው ስሕተት የለበትም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ያልተጠየቀውን የሚመልሰው ከዚያ የተመለሰ ሰው ነው።

ዳገቱ በምን እንደ ተሸፈነም ካርታው አይነግርም። የቁልቁለቱ መጠን ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አንዱ ወጥ ግራናይት፣ ሌላው ቤት ቤት የሚያካክል የቋጥኝ ክምር፣ ሌላው ደግሞ ከላይ ተሰብሮ የወረደ ኮረት ሊሆን ይችላል። ልቅ ድንጋይ ሲከመር ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ብሎ መቆም እንደማይችል ጠጠር ያስቆለለ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ተጓዥ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ እግሩን ሲያሳርፍ የሚያርፈው ሚዛኑ በጠርዝ ላይ ባለ ነገር ላይ ነው፤ የነቀለው ድንጋይም የሚወርደው ከበታቹ ወዳለው ባልንጀራው ነው። ስለዚህ ከፍሮዝን ሌክ በር የተመለሰ ሰው «ድንጋዩ ይከዳል፤ አንዱ ከሌላው በታች አይሂድ» ብሎ ቢናገር፣ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ቅጠል ካርታ ይበልጥ ይጠቅማል።

ፎቶግራፍ ታዲያ ይህን ክፍተት ይሞላልን? በከፊል ይሞላል፤ በከፊልም ያሳስታል። ዳገት ፊት ለፊት ቆመው ሲያነሡት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች ሲያነሡት ደግሞ ሜዳ ይመስላል። ሰው ያልቆመበት ሥዕል ቋጥኙ የበግ ወይስ የአዳራሽ መጠን ያለው እንደ ሆነ አያስታውቅም። ስለዚህ ከተጓዦች ሥዕሎች መካከል ዋጋ ያለው ብዙውን ጊዜ ውብ የሆነው አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁ ቀልቶ የተነሣው ሥዕል ይደነቃል፣ ይታለፋልም። አንድ ሰው በዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ፣ ከጎን በኩል፣ ቸኩሎ ያነሣው የደበዘዘ ሥዕል ግን የቁልቁለቱን ልክ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀን ያልተጻፈበት ሥዕል ነው። በመስመሩ ላይ «የበረዶ ምላስ» የሚል ትርጉም ያለው ስኖው ታንግ የሚባል በር አለ። ሰሜናዊ ገጹ እጅግ ተዳፋትና ልቅ ድንጋይ ነው። ሁለት ተጓዦች ስለዚህ በር ይከራከራሉ እንበል። አንዱ በረዶ ቧጥጦ እንደ ተሻገረው ይምላል፤ ሁለተኛው በአቧራና በኮረት ላይ እየተንሸራተተ እንደ ወረደ ይምላል። ሁለቱም ሥዕል አላቸው። የካሊፎርኒያ የውሃ ሹሞች በየዓመቱ ሚያዝያ መባቻ ላይ በተራራው ያለውን በረዶ ይለካሉ፤ በ2015 የተገኘው ለወቅቱ ከተለመደው 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2023 ግን 237 በመቶ ሆነ። እንግዲህ አንዱ በፊተኛው፣ ሌላው በኋለኛው ዓመት የሄደ ቢሆን ከሁለቱ ውሸታም የለም። ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱን ብቻ አይቶ የሚነሣ ሦስተኛ ሰው ግን የበረዶ መጥረቢያውን ቤቱ ትቶ ይሄዳል።

ትዝታም የራሱ ጉድለት አለው። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው «የእፎይታ ጩኸት» ከተባለው በር ሲደርስ ከፊቱ ያለው ምድር ለስለስ ይልለታል፤ ስሙም የወጣው ከዚህ ነው። ከእፎይታ በኋላ የሚነገር ወግ ግን ድካሙን ያሳጥራል፤ አምስት ሰዓት የፈጀው ሦስት ይሆናል፤ የተሳተው መንገድ ይዘለላል። ከዚህም የባሰ አለ። በሚያወጉት መካከል ተመልሶ የሄደው ሰው የለም። በደመና ተይዞ፣ ወይም ዳገቱን አይቶ ልቡ እምቢ ብሎት ከመንገድ የተመለሰ ሰው የሚያሳየው ሥዕል ስለሌለው ይቀራል፤ ቢመጣም ከኋላ ይቀመጣል። ያልፈረሱትን ድልድዮች ብቻ ቆጥሮ ስለ ድልድይ ጥንካሬ የሚፈርድ መሐንዲስ ቢኖር ማኅበሩ ምን ይለው ይሆን? የተራራ ወግ ግን ዘወትር የሚሠራው እንዲህ ነው። የተመለሰው ሰው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ስለ ምን እንደ ተመለሰ ቢናገር፣ ምስክርነቱ በዚያ ምሽት ከሚሰማው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ብዙ መናገርን የሚደግፍ ነው። የሚቃወመውም ክርክር ቀላል አይደለም። ሮፐር መስመሩን መንገድ ብሎ አልጠራውም፤ እርምጃ በእርምጃም አልዘረዘረውም። ተጓዥ ሁሉ በራሱ ዐይን እየመረጠ ቢሄድ ዱካው ይበተናል፤ ምድሩም እንደ ነበረ ይኖራል። በዚያ ከፍታ አፈሩ ስስ ነው፤ ሣሩ የሚያድግባቸው ሳምንታት ጥቂት ናቸው። አንድ ሰው ቢረግጠው ይነሣል፤ ብዙ ሰው በአንድ መስመር ቢረግጠው ይላጣል፤ የተላጣውን ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ዮሴሚት የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ከጥርጊያ ውጪ የሚሄድ ቡድን ከስምንት ሰው እንዳይበልጥ የደነገገው በከንቱ አይደለም፤ በጥርጊያ ላይ ግን እስከ ዐሥራ አምስት ይፈቅዳል። ዛሬ አንድ ሰው በሳተላይት መሣሪያ የተመዘገበ የእግሩን መስመር ለሌላው ሲሰጥ፣ ሺህ ሰዎች በዚያው መስመር እንዲሄዱ፣ ማለትም ያለ ዶማና ያለ አካፋ መንገድ እንዲወጣ ያደርጋል። ያውም መጥፎ መንገድ! ጥሩ ቀያሽ ከቁልቁለት ጋር አዛምዶ ያዞረው ነበር፤ ዱካ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ውሃም ይከተለዋል። በየቦታው የሚቆለለው የድንጋይ ምልክትም ነገሩ ያው ነው፤ ላይሆን ይችላል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚቆልለው መንገዱ የጠፋበት ሰው ነው።

ስለዚህ አደጋውን ሁሉ መናገር፣ እርምጃውን ግን አለመናገር የሚሻል ይመስላል። «በዚህ በር ሰሜናዊ ገጽ በሐምሌ አጋማሽ ጠንካራ በረዶ ነበር፤ ድንጋዩ ልቅ ነው፤ ከሦስት ሰው በላይ በአንድነት ለመውረድ አይመችም» ማለት የሰው ሕይወት ይጠብቃል። «ከሦስተኛው ቋጥኝ በስተግራ ታጠፍ» ማለት ግን ተጓዡን ዐይኑን ጨፍኖ እንዲሄድ ያለምደዋል፤ ቋጥኙ በክረምት ተንከባሎ ቢወርድ ምን ይሆናል? ይህ ፍርድ ሁሉን አያስማማም። አደጋ የደረሰበትን ሰው ሊያወጡ የሚወጡት ሰዎች ዝርዝር መስመር ቢኖር ይመርጡ ይሆናል፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም።

የእነዚህ ሥዕሎች ሌላ አገልግሎት ደግሞ ባለቤቶቻቸው ያላሰቡት ነው። ከመስመሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በላዬል ተራራ አካባቢ፣ ላዬልና ማክሉር የሚባሉ ሁለት የበረዶ ግግሮች አሉ። ጆን ሙይር በ1872 በማክሉር ላይ እንጨት ተክሎ በቀን አንድ ኢንች ያህል እንደሚንቀሳቀስ ለካ። በ1883 እስራኤል ራስል የተባለ የመሬት ሊቅ ላዬልን በፎቶግራፍ አነሣ። ኋላ የመጡ ሰዎች ከዚያው ስፍራ እየቆሙ ሲያነሡት፣ ግግሩ እየሳሳና ዐለቱ እየተገለጠ መሄዱ ታየ። እስከ 2013 ድረስ ከ1900 ወዲህ ከስፋቱ 60 በመቶ ያህል ቀንሶ፣ ውፍረቱም በ120 ጫማ ሳስቶ ነበር። ተመራማሪዎች እንደ ሙይር እንጨት ተክለው የለኩትን በ2013 ይፋ ሲያደርጉ፣ ማክሉር አሁንም በቀን አንድ ኢንች ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ ላዬል ግን መንቀሳቀሱን እንዳቆመ አስታወቁ። የማይንቀሳቀስ በረዶ፣ ነገሩን ለሚያውቁት፣ ግግር መባሉ ቀርቶ የተኛ በረዶ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ያነሡት ለጦሩ አገልግሎት ነበር፤ ዛፍ ለመቍጠር አልነበረም። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ሥዕሎቹን ይዘው ወደ ትግራይ ተራሮች ወጡ፤ ካሜራው የቆመበትን ስፍራ እየፈለጉ ያንኑ ዳገት እንደ ገና አነሡት። ሰው ሁሉ ደን እየተመናመነ መጣ ብሎ ሲያምን፣ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የኋለኛው ዳገት ከፊተኛው ይበልጥ ለምልሞ ተገኘ። ንጽጽሩ በ2009 ታተመ። ይህ ሊሆን የቻለው ሥዕሎቹ የተነሡበት ዘመንና ስፍራ ተመዝግቦ በመቆየቱ ነው፤ የማኅበሩ አባላት በየሥራ ቦታው ከሚያነሡአቸው ሥዕሎች ስንቶቹ ጀርባቸው ላይ ቀንና ስፍራ እንዳላቸው እያንዳንዱ መሳቢያውን ከፍቶ ማየት ይችላል።