ሙያ በልብ ብቻ አይቅር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ስለ ሙዚቃ እንድናገር ስጠየቅ፣ በመድረክም በማስተማርም አገራችንን ያገለገሉ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ፤ ሙሴ ነርሲስ ናልባንድያን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ ነርሲስ አርመናዊ ናቸው። በ1915 ዓይንታብ ተወለዱ፤ ወገኖቻቸው በግፍ ሲፈናቀሉ ቤተሰባቸው ሸሽቶ ሶሪያ ውስጥ አሌፖ አደጉ። አዲስ አበባ የገቡት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ግን ‹‹አርባ ልጆች›› ከተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ጋር በ1924 ቀድመው መጥተው ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ አጎት ናቸው።

ሙሴ ነርሲስ ብዙ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። ይህ ለጌጥ አልነበረም። ኦርኬስትራ የሚያሠለጥን ሰው፣ ለቫዮሊን የሚመቸው ለትራምፔት እንደማይመች ማወቅ አለበት፤ ካልሆነ ተማሪው ሲሳሳት ምክንያቱን ሊነግረው አይችልም። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ፣ በኋላም በ1955 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራ እየመሩ የአገራችንን ዜማ አቀነባበሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የሰባት ድምፅ ስምምነት በዘፈቀደ ቢጫንባቸው ለዛቸው ይጠፋል። ስለዚህ ሊያስተምሩን የመጡት ሰው አስቀድመው ከእኛ መማር ነበረባቸው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። በ1977 ሲያርፉ ሙያቸው በተማሪዎቻቸው እጅ ቀረ።

ወገኖቼ፤ ከስደት የመጣ ሰው የእኛን ዜማ ተምሮ ለእኛው ልጆች ካስተማረ፣ እኛ ለገዛ ልጆቻችን ማስተማር እንዴት ያቅተናል?

በዚህ አዳራሽ ማሲንቆ፣ ክራርና ኪቦርድ የሚጫወቱ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ሌሊት ሠርተው ያደሩ እንኳ ሠርጋችንን ያደምቃሉ። እናጨበጭብላቸዋለን፤ ‹‹ልጄን አስተምርልኝ›› ግን አንልም። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ልጁ ዜማውን በጆሮው ይዞ፣ የመምህሩን ጣት እያየ ካልሆነ በካሴትም በመጽሐፍም ብቻ አይማረውም።

‹‹ሙያ በልብ ነው›› እንላለን። በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ቅዳሜ ከፊደል ትምህርት በኋላ አዳራሹ አንድ ሰዓት ይቆይልን። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ልጆች ይያዝ። ማኅበሩም ለመምህራኑ የድካማቸውን ይክፈል፤ ምርቃት ብቻውን የቤት ኪራይ አይሆንምና። ወላጆች ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት የልጆቻችሁን ስም ለጸሐፊው አስመዝግቡ።