በከተማ መንገድ ዳር ስለሚያድሩ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ቤት ስለሌላቸው ቤተሰቦች ነው። «እኛ ጎጆ አለን፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ከሚያድሩት እናቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። አንዳንዷን ድርቅ፣ አንዳንዷን ጦርነት፣ አንዳንዷን የባል ሞት ወይም ፍቺ፣ ሌላዋንም «ከተማ ሥራ ሞልቷል» የሚል ወሬ አምጥቷታል።

ቀናቸው የሚጀምረው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ሱቁ ሳይከፈት ከበረንዳው መነሣት ግድ ስለሆነ፣ እናቲቱ ካርቶኑንና ላስቲኩን ጠቅልላ፣ ሕፃኑን አዝላ ትነሣለች። አባት ካለ ወደ መርካቶ ወይም ወደ አውቶቡስ ተራ ለሸክም ይሄዳል። እሷም ልብስ አጥባ፣ ወይም ሶፍትና ማስቲካ ሸጣ፣ ሲጠፋም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምና ልጆቿን ታበላለች። ከሆቴል የሚተርፈውን ምግብ «ቡሌ» ይሉታል፤ በጥቂት ብር ይገዛል። ውሎ ያደረ ቡሌ ተቅማጥና ትውከት ሊያመጣ ይችላል፤ እሷ ግን ማሞቂያ እሳት የላትም።

ውሃም ቢሆን ከቦኖ በገንዘብ ነው። መጸዳጃ ቤቱም ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል። በአንድ ሃይላንድ ውሃ ጥምን ማርካት፣ እጅ መታጠብና የሕፃን ፊት ማጠብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እስቲ አስቡት! እንዲህም ሆኖ የልጇን ዓይን ሳታጥብ የማትውል እናት አለች። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ቆሻሾች ናቸው ብሎ መናቅ ነውር ነው። የጎደላቸው ውሃና ጣራ ነው እንጂ ንጽሕናን መውደድስ አልጎደላቸውም።

ክፉው ጊዜ ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ሥር ተጠጋግቶ፣ ያለውን ልብስ ደራርቦ ያድራል። ያን ጊዜ የልብስ ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በ1909 እ.ኤ.አ. ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ አገር ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ። ለቅቆ ተመልሶ የሚነሣውን አገርሺ ትኩሳትም የሚያመጣው ይኸው የልብስ ቅማል ነው።

እናቶች ሆይ፣ ቅማል ከተማና ገጠር አይለይም። ለቀን ሥራ ከተማ ሄዶ በየበረንዳው ያደረ ልጃችሁ በልብሱ ስፌት ይዞት ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

ልብሱን አስለውጡትና በፈላ ውሃ ቀቅሉት። የማይቀቀል ከሆነ በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት።

ቅማልን በጥፍር ወይም በጥርስ አትጨፍልቁ። የአገርሺ ተሕዋስያን ከተጨፈለቀው ቅማል ወጥተው በተጫረ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ ግን ይገድላል።

አያድርስ እንጂ፣ ችግር ጠንቶ አገር ለቆ መሄድ ግድ ቢሆን፣ ሁለት ወረቀት ሳትይዙ አትነሡ። አንደኛው ከቀበሌያችሁ የሚሰጥ መሸኛ ነው፤ ያለ እርሱ በከተማ መታወቂያ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው የልጆቻችሁ የክትባት ካርድ ነው። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ማዋለድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ ቤት የለኝም ብላችሁ አፍራችሁ አትቅሩ።

ለገበያ ወይም ለሕክምና ከተማ ስትወርዱም፣ መንገድ ዳር ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት አፍንጫችሁን ይዛችሁ አትለፏት። ከየት እንደመጣች ጠይቋት። የአገራችሁ ልጅ ብትሆን ለዘመዶቿ ወሬዋን አድርሱላት። ብዙዋ ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ የጠፋባት፣ ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ስላጣች ነውና።