ስለ ትራክተር ባልዲና ስለ ፈጣን መጋጠሚያው



ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ የሚያያይዘው በምራን ነው። የምራኑ ዋጋ ከበሬው ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ እርሱ የተበጠሰ እንደሆነ ግን በሬውም ማረሻውም ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተውም እንዲሁ ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን የትልቁን መኪና ጥቅም የሚወስን አንድ ክፍል ነው፤ እርሱም የትራክተር ጫኚ ባልዲ ከክንዱ ጋራ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። እርስዎ ምናልባት መሪ የሚይዙ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ የግዥውን ወረቀት የሚያዘጋጀውና የሚፈርመው የጽሕፈት ቤት ሰው ስለሆነ፥ ነገሩ እርስዎንም ሳይመለከት አይቀርም።

በቀድሞው አሠራር፥ ሠራተኞች ባኬት የሚሉት ይህ ባልዲ ከሁለቱ ክንዶች ጋራ የሚያያዘው በአራት ወፋፍራም ፒኖች ነው። ሁለቱ ከታች ክብደቱን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ ከላይ ባልዲውን ከሚያጋድሉት ሲሊንደሮች ጋራ ያገናኙታል። ባልዲውን አውርዶ በምትኩ የድርቆሽ ሹካ ለመግጠም የተፈለገ እንደሆነ፥ ፒኖቹ በመዶሻ ተመትተው ይወጣሉ። ከዚያም ቀዳዳ ከቀዳዳ እስኪገጥም ድረስ አንዱ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ይመራዋል። ቀዳዳውን በጣቱ የሚዳስስ ሰው ጣቱን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ድካሙ የበዛበት ሠራተኛ ደግሞ መለወጡን ጨርሶ ይተወዋል፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛውም ሹካ ሣር ይበቅልበታል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘበት ታሪክ ከአሜሪካ አገር ጋራ የተያያዘ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሚኒሶታ ግዛት፥ ሮትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሲረልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማች የብረት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። እነርሱም ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ለሚያረባ ሰው፥ በጠባብ ቤት ውስጥ በምሰሶዎች መካከል እየዞረ ኩሱን የሚጠርግ ቀላል ጫኚ ሠርተው በ1957 ዓ/ም አስረከቡት። በተከታዩ ዓመት በሰሜን ዳኮታ የሚገኘው የሜልሮ ኩባንያ ሥራውን ወሰደው፤ መኪናውም ኋላ ቦብካት ተባለ። በ1970 ዓ/ም ባልዲውን ያለ መዶሻ የሚለውጥ ፈጣን መጋጠሚያ ተጨመረለት። ሌሎችም ፋብሪካዎች ይህን አሠራር ተከተሉ፤ በ2005 ዓ/ም ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ልኩን በቍጥር 24410 ደንግጎ አወጣው። በዚህም ምክንያት በአንዱ ፋብሪካ የተሠራ ባልዲ በሌላው ፋብሪካ መኪና ላይ ሊገጥም ቻለ። ይኸው መጋጠሚያ ለእርሻ ትራክተርም እየተሠራ ይሸጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የብረት ፍሬም በአራቱ በነበሩት ፒኖች ከክንዶቹ ጋራ ይያያዝና በዚያው ይቀራል። በባልዲው ጀርባ ላይ ከላይ ከንፈር፥ ከታች ሁለት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየዳል። ነጂው የፍሬሙን ጫፍ ከከንፈሩ ሥር አስገብቶ ባልዲውን ወደ ኋላ ሲያጋድለው ሁለቱ ብረቶች ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት እጀታዎች ሲጫኑ፥ እንደ በር መወርወሪያ ያሉ ሁለት ሽብልቆች በቀዳዳዎቹ ያልፋሉ።

አሮጌውን ባልዲ ለመለወጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍሬሙ ከመገዛቱ በፊት የፒኖቹ ውፍረት፥ በላይኛውና በታችኛው ፒን መካከል ያለው ርቀት፥ እንዲሁም የሁለቱ ክንዶች ስፋት ይለካ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ክንዶቹ መሬት ይውረዱ፥ ሞተሩ ይጥፋ፥ የባትሪውም ሽቦ ይፈታ። የባልዲው አሮጌ ጆሮዎች ከተቆረጡ በኋላ አዲሱ ብረት በፍሬሙ ላይ እንደ ተቈለፈ ባልዲው ጀርባ ላይ ይደገፍና በመጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ። ተፈትቶ ተመልሶ መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ፥ እሳቱ ብረቱን እንዳያጣምመው ከወዲህና ከወዲያ በየተራ በአጭር በአጭሩ ይበየድ።

የሚከፈልም ዋጋ አለ። ፍሬሙ ራሱ ክብደት አለው፤ ባልዲውንም ወደ ፊት ይገፋዋል። ሸክሙ ከፊተኛው ጎማ መካከል 2 ሜትር ርቆ የነበረ እንደሆነና አሁን 20 ሴንቲ ሜትር ቢጨመር፥ ትራክተሩን ወደ ፊት የሚደፋው ኃይል በ10 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ትናንት ያነሣውን ሁሉ ዛሬ ያነሣል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመቈለፉ ነገር ነው። ከንፈሩ ብቻ ይዞት ሽብልቆቹ ያልገቡ ባልዲ ለዓይን የተያዘ ይመስላል፤ ከፍ ካለ በኋላ ሲወድቅ ግን ከሥሩ ያለውን ሰው ይገድላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ነጂው ሁለቱም ሽብልቆች ከቀዳዳው በታች መውጣታቸውን በዓይኑ ይይ፤ ቀጥሎም ማንም ሰው አጠገቡ ሳይቆም የባልዲውን አፍ ወደ መሬት አጋድሎ ይጫነው። ያልተቈለፈ ከሆነ እዚያው መሬት ላይ ይለያል እንጂ በሰው ራስ ላይ አይወርድም።

እንግዲህ የትራክተር ግዥ ወረቀት ከፊትዎ በቀረበ ጊዜ፥ ከፈረስ ጕልበቱና ከዋጋው ጋራ ሦስት ነገር ይጠይቁ። መጋጠሚያው በየትኛው ደረጃ የተሠራ ነው? በአውሮፓ ትራክተሮች የተለመደው ከዚህኛው የተለየ ስለሆነ ሁለቱ አይገጣጠሙም። የተጻፈው የማንሣት ኃይል ፍሬሙን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? ሽብልቆቹ መቈለፋቸውስ ከነጂው መቀመጫ ይታያል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠዎ ብዕርዎን አያንሡ። አለዚያ ትራክተሩ ከአንድ ፋብሪካ፥ ሹካው ከሌላ ይመጣና ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሳይገናኙ ይዝጋሉ።