ስለ ሴቶች የቡድን ማጣሪያ ውድድርና ስለ እኛ የጥሎ ማለፍ ልማድ

(በዕረፍት ጊዜ በከሚሴ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ለዕረፍት ወደ አገራችን የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ጊዜ ስለ ሰጣችሁን በቅድሚያ እናመሰግናለን። ንግግራችን በአማርኛ ነው፤ ሲያበቃ ከመካከላችን አንዱ ዋና ዋናውን በኦሮምኛ ይደግመዋል። የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሜዳ ቴኒስ እንናገራለን ብንል «ለከሚሴ ምኗ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው አግባብ አለው። ቴኒስ በአገራችን የሆቴልና የክበብ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል፤ ራኬቱም ኳሱም ውድ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናመጣላችሁ የፈለግነው ራኬቱን ሳይሆን የውድድሩን አሠራር ነው። የዓለም ሴቶች በቡድን ሆነው ለአገራቸው የሚጫወቱበት ማጣሪያ እንዴት እንደ ተዋቀረ ብንመረምር፣ የእኛ ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች ለምን ከሜዳ ቶሎ እንደሚጠፉ አንዱን ምክንያት እናገኘዋለን ብለን እናምናለን።

የወንዶቹ የአገር ለአገር የቴኒስ ውድድር፣ ዴቪስ ካፕ የሚባለው፣ የተጀመረው በ1900 ነው። የሴቶቹ እስኪጀመር 63 ዓመት ፈጀ። አሳቡ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ሄዝል ዋይትማን የተባሉት አሜሪካዊት ተጫዋች በ1919 አንሥተውት ነበር። ተቀባይ ስላላገኙ በ1923 በአሜሪካና በእንግሊዝ ሴቶች መካከል ብቻ የሚደረግ ውድድር ተጀመረና በዚያው ተወሰነ። በመጨረሻ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ1963፣ የፌዴሬሽን ዋንጫ የሚባለው በሎንዶን ተደረገ። የመጡት 16 አገሮች ነበሩ፤ አሜሪካ አውስትራልያን 2 ለ 1 አሸንፋ ወሰደችው። ከአሜሪካ ቡድን አንዷ የ19 ዓመት ልጅ ቢሊ ጂን ሞፊት ነበረች። በ2020 ዋንጫው በእርሷ ስም ተሰየመና ዛሬ የቢሊ ጂን ኪንግ ዋንጫ ይባላል። ውድድር የጀመረችው ልጅ ራሷ የውድድሩ ስም ስትሆን ማየት ለእኅቶቻችን ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኛንም ደስ ብሎናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ያ ውድድር መጀመሪያ ላይ በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ ነበር። አገሮች በአንድ ሳምንት በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይወጣል። ለ16 አገሮች ይህ አይከፋም። ነገር ግን ተሳታፊው እየበዛ ሲሄድ፣ ከሩቅ አገር ገንዘብ አዋጥታ የመጣች ቡድን በመጀመሪያው ቀን ከኃያል ጋር ትገጥምና ነገሩ ያልቃል። ከዚህ ምን ትማራለች? በ1992 የየአህጉሩ ማጣሪያ ተጀመረ፤ ዓለምም በአሜሪካ፣ በእስያና ኦሽንያ፣ እንዲሁም በአውሮፓና አፍሪካ ቀጣና ተከፈለ። በየቀጣናው ውስጥ ደግሞ ደረጃዎች አሉ፤ ምድብ አንድ፣ ምድብ ሁለት፣ ምድብ ሦስት እየተባለ ይወርዳል።

በአንድ ደረጃ ያሉት አገሮች በአንድ ከተማ ለአንድ ሳምንት ያህል ይሰበሰባሉ። በየንዑስ ምድቡ ይከፈሉና ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠማል። አንዱ ግጥሚያ ሦስት ጨዋታ ነው፤ ሁለት ነጠላና አንድ ጥንድ። መጀመሪያ ሁለተኛዎቹ ልጆች፣ ቀጥሎ አንደኛዎቹ፣ በመጨረሻ ጥንዶቹ ይጫወታሉ። ሁለቱን ያሸነፈ ግጥሚያውን ወሰደ። በዚህ አቆጣጠር ሁለት ብርቱ ልጆች ያሏት አገር እንኳ ቡድን አላት ማለት ነው፤ ነጠላውንም ጥንዱንም እነዚያው ሁለቱ ሊጫወቱት ይችላሉና። ከንዑስ ምድቡ በኋላ ቀዳሚዎቹ ወደ ላይኛው ደረጃ ለማለፍ ይጋጠማሉ። ሰኞ የተሸነፈች ልጅ ማክሰኞ ደግሞ ትሰለፋለች። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

አፍሪካ በዚህ ውስጥ የት አለች? በዋንጫው ላይ የአፍሪካ ስም የተጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ በ1972 ደቡብ አፍሪካ በጆሐንስበርግ አሸንፋለች። ያ ግን በአፓርታይድ ዘመን የሆነ ስለ ሆነ የአህጉራችን ድል ብለን ልንኮራበት አይቻለንም። እኛ የምንኮራው በሌላ ነው። ቱኒዝያዊቷ ኦንስ ጃበር በ2022ና በ2023 ለዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳለች፤ እርሷም ለአገሯ ቡድን በዚሁ በቀጣናው ማጣሪያ ተሰልፋለች። በሰኔ 2023 ደግሞ የአፍሪካ ምድብ ሦስት ውድድር በናይሮቢ ተደርጓል። በዚያች ከተማ ያደገችው አንጄላ ኦኩቶዪ በ2022 በዊምብልደን የልጃገረዶች ጥንድ ውድድር ከሆላንዳዊት ጓደኛዋ ጋር አሸንፋለች። ናይሮቢ ከእኛ የራቀች አይደለችም። አየሩም ቢሆን እንደ እኛው ከፍ ያለ ነው፤ የቴኒስ ሕግ ከባሕር ወለል ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፤ ከፍታዋ 1,400 ሜትር ገደማ የሆነችው ከሚሴም በዚህ ሕግ ከደጋዎቹ ትቆጠራለች። ለቦርከና ቆላ ሙቀት ይህ ክብር ሳይበዛ አይቀርም!

የጥሎ ማለፍን ክፋት ለማየት ወደ ራሳችን የእግር ኳስ ቡድን እንመለስ። ሉሲዎቹ በ2004 በአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ የወጡ ናቸው። በጥቅምት 2021 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከዩጋንዳ ጋር ተጋጠሙ። በዩጋንዳ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ በመለያ ምት ግን ወደቁ። የዚያ ማጣሪያ መንገድ በሁለት ጨዋታ ተዘጋ። ልጆቹ ደካሞች ነበሩ የሚል ካለ ውጤቱን ደግሞ ይቁጠረው። ደርሶ መልስ ያለው ማጣሪያ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ተጫዋችን ግን አያሳድግም።

እንግዲህ ወደ ዞናችን። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና የከሚሴ ከተማ፤ ስድስት ቡድን ነው። በጥሎ ማለፍ ብናጫውታቸው በጠቅላላው አምስት ጨዋታ ይሆናል፤ ሦስቱ ቡድኖች ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው በመጡበት መኪና ይመለሳሉ። ወንዶቹ ከተሸነፉም በኋላ በየሜዳው ኳስ ሲያንከባልሉ ይውላሉ። ልጃገረዲቱ ግን ቤት ስትደርስ እንስራው ይጠብቃታል፤ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ሳይደርስም ትዳር ሊቀድማት ይችላል። በዓመት አንድ ጨዋታ ለተጫወተች ልጅ «ችሎታ የላትም» ብሎ መፍረድ ዘር ሳይዘሩ እርሻውን መውቀስ ነው።

በቴኒሱ አሠራር ብንሄድስ? ስድስቱን በሁለት ምድብ ሦስት ሦስት እናድርጋቸው። በየምድቡ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ጨዋታ ይሆናል። ቀጥሎ አንደኛ ከአንደኛ፣ ሁለተኛ ከሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከሦስተኛ ይጋጠማሉ፤ ድምሩ ዘጠኝ። ማንም ቡድን ከሦስት ጨዋታ በታች ተጫውቶ አይሄድም። በአንድ ቦታ በአራት ቀን ያልቃል። ጨዋታው ለጊዜው ቮሊቦል ይሁን፤ መረብና ኳስ በየትምህርት ቤቱ ይገኛል፣ ባይገኝም ገመድ አይጠፋም።

ቴኒስንም ጨርሰን አንተወው። ለልጆች የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚነጥር ኳስ አለ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ውድድር ይህን ዓይነት ኳስ ግዴታ አድርጎታል። ከእነዚህ የአንዱ ሜዳ ርዝመት 18 ሜትር ነው። የቮሊቦል ሜዳም 18 ሜትር ነው! መረቡን ዝቅ ማድረግና ኖራ ማስመር ብቻ ይቀራል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው የልብስ ነገር ነው። ይህን የሚያነሡት እናቶች ከልጆቻቸው ክብር የተነሣ ነውና በንቀት አንመልስላቸውም። ሱሪና ሻሽ ቮሊቦል ለመጫወት እንቅፋት አይሆኑም። ፊፋም ቢሆን በ2014 የራስ መሸፈኛን በይፋ ፈቅዷል። ዓለም የፈቀደውን እኛ የምንከለክልበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛው የማደሪያና የምግብ ወጪ ነው፤ ከባዱም ይህ ነው። ከደዌ የመጣች ልጅ አራት ቀን የት ታድራለች? እኛ ያሰብነው በከሚሴ ቤተሰቦች ቤት፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በየቡድኑ አንዲት መምህርት እየተቆጣጠረች እንዲያድሩ ነው። እንግዳ መቀበል ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የሚበሉት ከቤተሰቡ ጋር ይሆናል፤ ለመኪናው ኪራይ እኛ ተማሪዎች መዋጮ ጀምረናል፤ እንደማይበቃም እናውቃለን። የባቲ ቡድን የሰኞ ገበያቸው እንዳይቀርባቸው ጨዋታው ማክሰኞ ይጀመር።

ከመምህራን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ከውድድሩ በፊት ለሁለት ወር ያህል፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ለልጃገረዶቹ ብቻ ይለቀቅ። ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ አጉረመረሙ፤ አየናችሁ! በቀሩት ቀናት ሜዳው የእናንተ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት ደግሞ መስመሩን አስምሩ፣ ኳስ አቀብሉ።

እንግዳ ለመቀበል የሚፈቅዱ ቤተሰቦች በበሩ አጠገብ ባለው ደብተር ያስመዝግቡልን። እስካሁን የጎደለን ዳኛ ነው፤ የቮሊቦል ሕግ የምታውቅ መምህርት ካለች እባክዎ ሳይሄዱ ያነጋግሩን።