በነጠላ ጫፍ የታሰረች ወረቀት
(ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ጉዟችን ነው። ቀኑ ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ከባሕር ዳር ተነሣን። አምስት ነበርን፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያታችን። አያታችን፣ «የፋሲልን ግንብ ሳላይ እንዳልሞት» ይሉ ነበር። እኛም፣ «እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ዘንድሮማ እንውሰዳቸው» ተባባልን። የምንኖረው ገጠር ስለሆነ ዋዜማውን ባሕር ዳር ከዘመድ ቤት አደርን።

ሌሊቱ ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስን። በዓል ነውና ሰው እንደ ንብ ይተራመሳል። ትኬት ቆርጠን ተሳፈርን። ከመነሣታችን በፊት እናት ወርዳ ከአውቶቡሱ ፊት ቆመች። የሰሌዳውን ቁጥር አንድ በአንድ እያየች ገለበጠች። መሠረተ ትምህርት ከጨረሰች ገና ዓመቷ ነበር። ከደብተሯ ሁለት ቅጠል ቀዳ አራት ነገር ጻፈች። የልጁን ስም ከነአባቱ፤ የምንሄድበትን ከተማ፤ የመኪናውን ሰሌዳ፤ የአባትን ስልክ ቁጥር። አንዷን ወረቀት በትልቁ ልጅ ኪስ ከተተች። ሌላዋን በአያታችን ነጠላ ጫፍ ቋጠረች።

አባት ሳቀ። «ዓይን እያለን ወረቀት ምን ይሠራል? መኪናው ነጭ ነው፤ ቀይ መስመር አለው። ይኼን ማን ይስተዋል?» አለ። እናት መልስ አልሰጠችውም።

አውቶቡሱ የዓባይን ድልድይ ተሻገረ። ያን ጊዜ የነበረው አሮጌው ድልድይ ነው። አዲሱ ኋላ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ጸሐይ ስትወጣ የፎገራ ሜዳ ታየን። ሩዝ የታጨደበት ማሳና ከብቱ ያምራል። ትልቁ ልጅ በመንገዱ ዳር የተጻፈውን ሁሉ ጮኾ ያነብልናል። «ሐሙሲት! ወረታ!» ይላል።

ወረታ ለቁርስ ቆምን። ረዳቱ፣ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» አለ። ወረታ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። አያታችን ትንሹን ልጅ ለሽንት ይዘው ሄዱ። እኛ ሻይ ልናዝዝ ገባን።

በዚህ መካከል መንገዱ ስለ ተጣበበ የእኛ አውቶቡስ ወደ ፊት ተጠጋ። እርሱ በነበረበት ቦታ ሌላ መጥቶ ቆመ። እርሱም ነጭ ነው፤ ቀይ መስመርም አለው።

ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አያታችን የሉም። ልጁም የለም። ወዲያ ሮጥን፤ ወዲህ ሮጥን። «አንዲት አሮጊት ከልጅ ጋር አላያችሁም?» እያልን ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን። አየሁ የሚል ጠፋ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። አባት ጉልበቱ ከድቶት ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ።

አያታችን ግን ከሌላው አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ። ገብተው፣ ልጁን አቅፈው ተቀምጠዋል። ስንቃችንን ሲያጡ፣ «አገልግሌን ማን አነሣው?» ብለው ጮኹ። አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት ግራ ገባው።

«እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላቸው።

«ጎንደር ነዋ፣ ልጄ።»

«ይኼ መኪና እኮ ደብረ ታቦር ነው የሚሄደው!»

ሞተሩ ተነሥቷል። አያታችን የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ወረቀቷን ሰጡት። ወጣቱ አነበባትና፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱንም ይዟቸው ወረደ።

ወዲያው የአባት ስልክ ጮኸ። «አያትና ልጅ አብረውኝ ናቸው፤ አይዟችሁ። የመኪናችሁ ሰሌዳ መጨረሻው 47 ነው?» አለ ወጣቱ።

አባት ዝም አለ። ቁጥሩን መች አየውና! ያወቀው ቀዩን መስመር ብቻ ነው። እናት ስልኩን ተቀብላ፣ «አዎ፣ 47 ነው። ከዳቦ ቤቱ ፊት ቆሟል» አለች።

ወጣቱ ሰሌዳ እያየ መጥቶ አስረከበን። ገንዘብ ብንሰጠው እንቢ አለ። «እኔ የተጻፈውን ከማንበብ በቀር ምን ሠራሁ?» አለን። የእርሱም መኪና ይጣራ ነበርና ስሙን ሳንጠይቀው እየሮጠ ሄደ።

እኛም መንገዳችንን ቀጠልን። አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን፣ ማክሰኚትንና አዘዞን አልፈን ጎንደር ገባን። ባሕር ዳርና ጎንደር የሚራራቁት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእኛ ግን ያን ቀን ወረታ ላይ ያለፈችው ሩብ ሰዓት ከመንገዱ ሁሉ ረዘመችብን። አባትም እስከ ጎንደር ድረስ ብዙ አልተናገረም። ስንወርድ ግን ከአውቶቡሱ ፊት ቆሞ ሰሌዳውን ሲያነብ አየነው።

በማግስቱ ከተራ ነበር። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አያታችን በዓይናቸው አዩ። የፋሲልንም ግንብ አዩ። ማታ ወረቀቷን ፈትተው ለትልቁ ልጅ ሰጡት።

«ጎንደር የሚለው የቱ ነው?» አሉት።

ልጁ አሳያቸው። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «አራት ናቸው። እኔን ከደብረ ታቦር መንገድ የመለሱኝ እነዚህ አራቱ ናቸው?» አሉ። ወረቀቷንም መልሰው ቋጠሯት።

ወገኖቻችን፤ ለበዓልም ይሁን ለሐዘን ከቤት ስትወጡ ስንቅ ትቋጥራላችሁ። ወረቀትም ቋጥሩ። የመኪናውን ቀለም ሳይሆን ሰሌዳውን ያዙ። ለሽማግሌና ለልጅ ስም፣ የሚሄዱበትን ከተማና የስልክ ቁጥር ጽፋችሁ ስጡ። ጽሕፈቴ አያምርም ብላችሁ አትፈሩ። የእናትም ፊደል ጠማማ ነበር፤ ነገር ግን ተነበበ።