አዳኝ ሲጠብቅና ሲላላ፦ የ«ዘ ዊቸር» ዓለም ጭራቅ አዳኝ በእርግጥ ያስፈልገዋልን?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በክፍል ውስጥ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ምናባዊ ተረኮች ስንወያይ አንዲት ተማሪ፣ «በዚያ ዓለም ጭራቅ አዳኝ ባይኖር ምን ይጎድል ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ብዙም ሳላሰላስል «የሰው ሕይወት» ብዬ መለስኩላት። መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነበር። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ለመሙላት እሞክራለሁ።

ለምሳሌነት የመረጥኩት «ዘ ዊቸር» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ነው። ታሪኩ የፈለቀው ከፖላንዳዊው ደራሲ ከአንጄይ ሳፕኮቭስኪ ብዕር ሲሆን፣ የመጀመሪያው አጭር ልቦለድ በ1986 እ.ኤ.አ. በአንድ የፖላንድ መጽሔት ላይ ታተመ። ኔትፍሊክስ ድራማውን ማሳየት የጀመረው በዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት፣ ጭራቅ ገድሎ ዋጋውን እየተቀበለ ከመንደር መንደር የሚዞር ሰው ነው።

በመጀመሪያ የአስፈላጊነቱን ወገን በቅንነት እንመልከት። በዚህ ዓለም ጭራቆቹ የወሬ ፍጡራን አይደሉም። የተለያዩ ዓለማት በተጋጩበት ጥንታዊ ዘመን ሾልከው የገቡ፣ በረግረግና በመቃብር ስፍራ የሚያደቡ እውነተኛ ገዳዮች ናቸው። ድራማው የሚከፈተውም ጌራልት ረግረግ ውስጥ ኪኪሞራ ከተባለች ፍጡር ጋር ሲተናነቅ ነው። እንዲህ ካለው አውሬ ጋር መደራደር አይቻልም። የነገሥታቱ ጦር እርስ በርሱ ሲዋጋ ገበሬውን የሚታደገው ማን ነው? እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው መልሴ ይጸናል።

ይሁን እንጂ ወደ ዋና ዋናዎቹ ታሪኮች ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የፖሳዳ ገበሬዎች እህላችንን የሚሰርቅ ሰይጣን ግደልልን ብለው ጌራልትን ይቀጥራሉ። ሲደርስበት ሌባው ከምድራቸው ተነቅለው ለሚራቡ ኤልፎች ቀለብ የሚያደርስ ሆኖ ይገኛል። በቴሜሪያ ደግሞ ሰዎችን የምትበላው ስትሪጋ የንጉሥ ፎልቴስት የገዛ ልጅ ናት፤ በማኅፀን ሳለች የተረገመችው በአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ቅናት ነው። ጌራልት ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ የሚያወጣት ልጅቱን እንጂ ሬሳዋን አይደለም። በብላቪከን ጠንቋዩ ስትሬጎቦር ሬንፍሪ የተባለችውን ሴት «በጥቁር ፀሐይ ሥር የተወለደች ጭራቅ ናት» ብሎ እንዲገድልለት ይለምነዋል። ጌራልት እንቢ ይላል፤ በመጨረሻ ግን ሰይፍ ተማዞ ይገድላታል። የከተማው ሕዝብ በድንጋይ ወግሮ ያባርረዋል፤ «የብላቪከን ሥጋ ሻጭ» የሚለው ስምም ተጣብቆበት ይቀራል።

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ከሰይፉ በፊት የሚቀድም ሥራ እንዳለ እንረዳለን፤ ይኸውም «ይህ በእርግጥ ጭራቅ ነውን? ጭራቅ ያደረገውስ ማን ነው?» ብሎ መመርመር ነው። ስያሜው በተሳሳተ ጊዜ አዳኙ የሌላ ሰው ጥላቻ መሣሪያ ይሆናል። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭና ምጣዱን የምትሠራለትን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን» እያለ ያገለለ ማኅበረሰብ፣ ስያሜ ምን ያህል እንደሚገድል ያውቃል።

ሁለተኛው ነጥቤ ጥቅምን ይመለከታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው «ናይትሜር ኦቭ ዘ ዎልፍ» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ወደ ጌራልት አስተማሪ ወደ ቬሴሚር ወጣትነት ይመልሰናል። በዚያ ዘመን ጭራቆች እየተመናመኑ፣ የአዳኞቹም ገበያ እየቀዘቀዘ ነበር። ታዲያ አንዳንዶቹ በምሽጋቸው በካየር ሞርሄን በምሥጢር አዳዲስ ጭራቆችን መፍጠር ጀመሩ። ምሥጢሩ ሲወጣ ሕዝቡ ምሽጉን አጠፋ። ከዚህ የምንማረው በጭራቅ መኖር የሚተዳደር ሙያ የጭራቅን መጥፋት ከልቡ ሊመኝ እንደማይችል ነው። አስፈላጊነቱን ራሱ የሚያመርት ተቋም አስፈላጊ ነው ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ነጥቤ ዋጋን ይመለከታል። አዳኝ የሚሠራው ከሕፃን ነው። ልጆች ሰውነታቸውን በሚለውጥ መርዛማ ፈተና ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ የተረፉትም መካን ይሆናሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ አዳዲስ ጭራቆች በሚፈሉበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ቬሴሚር የጠፋውን ጥበብ መልሶ ያገኛል። ወጣቷ ሲሪም በፈቃዷ ራሷን ለፈተናው ታቀርባለች። ያስቆመው ማን ነው? ጌራልት ራሱ ነው። ከእርሱ የበለጠ የሙያውን ጥቅም የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም በዚያ ዋጋ አልገዛውም አለ። በእኔ አስተያየት ከድራማው ሁሉ ትልቁ ፍርድ ይህ ነው።

«ታዲያ ኪኪሞራዋንስ ማን ይግደል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰይፉ ይሰበር አልልም። የምለው፣ ሰይፍ የያዘው ሰው የሚያስፈልገው ከሰይፉ ይልቅ «አይሆንም» ማለት የሚችል አንደበት ስላለው ነው። ያ አንደበት ደግሞ የአዳኝ ብቻ መሆን አልነበረበትም። የፖሳዳ ገበሬዎች ሌባው ለማን እንደሚሰርቅ ቢጠይቁ፣ የፎልቴስትም ቤተ መንግሥት ነውሩን ባይሸሽግ ኖሮ፣ ብዙው ደም ባልፈሰሰ ነበር። ያ ዓለም አዳኝ የሚቀጥረው በከፊል ራሱን ላለመመርመር ነው።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ አስገራሚ ስጦታ ሰጥቶናል። «አዳኝ» የሚለውን ቃል «ዳ»ን አጥብቀን ስናነበው ከ«አደነ» የመጣ፣ አውሬ አሳድዶ የሚገድል ነው። አላልተን ስናነበው ከ«አዳነ» የመጣ፣ ከሞት የሚያተርፍ ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የአንባቢው ድምፅ ብቻ ነው። ጌራልትም በእያንዳንዱ መንደር የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ንባቦች መካከል ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ የምሰጠው የተሟላ መልስ ይህ ነው፤ ያ ዓለም የሚጠብቀው አዳኝ ባይኖረው የሚጎድልበት አለ፤ የሚላላው አዳኝ ባይኖረው ግን የሚተርፍለት የለም።